መጀመሪያ የባላጋራን በደል

ልጅ ሳለሁ ብልባላ ውስጥ ተረት የምንሰማው አያ ፈንታው ቤት ነበር። አያ ፈንታው የእናቴ አጎት፣ የሰፈራችንም የውሃ ዳኛ ነበሩ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ከአንድ ምንጭ በተራ ያጠጣሉ፤ ተራ ያለፈ ወይም ቦይ የሰበረ ሲኖር ሁለቱም ወገን ከምንጩ በላይ ካለው ወይራ ሥር እሳቸው ፊት ይቆማል። ቀን ሰው ሲያሟግቱ ውለው፣ ማታ ደግሞ እራት እስኪደርስ እኛን ልጆቹን ምድጃ ዙሪያ ሰብስበው አውሬ ያሟግቱ ነበር።

ያኔ ቤታቸው የፀሐይ መብራት ነበረው፤ ባትሪው ቶሎ ስለሚደክም ግን ፊታቸውን የማስታውሰው በፍም ብርሃን ነው። ጭሱ ያስለቅሰናል፣ እሳቸው ደግሞ የሚያስለቅሰን ተረቱ ይመስል «አይዟችሁ፣ ገና ነው» እያሉ ያሾፉብናል።

ከተረቶቻቸው አጥብቄ የያዝኩት የጭላዳ ዝንጀሮንና የጃርትን ሙግት ነው። ሁለቱ ከአንድ የገብስ ማሳ ይበላሉ፤ ጭላዳ ቀን፣ ጃርት ሌሊት። ማሳው ሲራቆት አንዱ ሌላውን ይከሳል። ገብሱን ስለዘራው ገበሬ ስንጠይቃቸው «እሱ ሌላ ተረት ነው» ይሉን ነበር። ነገሩ ሙግቱ ላይ ሲደርስ ያቆሙና ከመካከላችን አንዱን ለጭላዳ፣ አንዱን ለጃርት ጠበቃ ያደርጋሉ። ሕጉ ከወይራው ሥር የሚሠራበት ያው ሕግ ነው። ማንም በራሱ ላይ የደረሰውን በደል ከማሰማቱ በፊት በባላጋራው ላይ የደረሰውን ይናገራል፤ ባላጋራውም «አዎ፣ በደሌ ይኸው ነው» ካላለ የራሱን መጀመር አይችልም።

አንድ ማታ እኔ ለጃርት፣ ታናሽ ወንድሜ ሲሳይ ለጭላዳ ቆምን። እኔ የጭላዳን በደል ስናገር «ይህ ደረተ ቀይ ሌባ ሆዴ አልሞላም ብሎ ነው የሚጮኸው» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ሲሳይ ግን «አዎ» አልል አለ። አያ ፈንታው አልተቆጡኝም፤ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠበቁና «በሉ ሂዱ፣ እራታችሁ ደርሷል» አሉን። ተረቱ ሳያልቅ ወጣን። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ፤ ልጆቹ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ መንገድ ላይ ፊት ይነሱኝ ጀመር። በአራተኛው ማታ ጭላዳ ገደል ላይ በብርድ ሲያድር፣ ጠዋት ልጆቹን አስከትሎ ሲወጣ፣ ማሳው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የሚደርስበትን ሁሉ ተናገርኩ። ሲሳይ ገና ሳልጨርስ «አዎ፣ በደሌ ይኸው ነው» አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የተሰማኝ ግን እፍረት ነው።

ዐሥረኛ ክፍል ስደርስ መምህርት ውዴ የምትባል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የአየር ንብረት ክበብ አቋቋመች። ክበባችን በኢንተርኔት ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር ተገናኘ። ተማሪዎቹ በየአገራቸው ያለውን ችግር ተነጋግረው፣ ሁሉም በአንድነት የሚይዟቸውን ጥቂት ጉዳዮች መርጠው ለአንድ ትልቅ ጉባኤ ሊያቀርቡ ነበር። ከውሃ ጉዳይ የሚመረጠው አንድ ብቻ እንደሆነ ተነገረን። እኛ የምናቀርበው ምንጫችንን ነው። ከፋሲካ በኋላ መድረቅ ጀምሮ ነበር፤ እናቴም አህያ ስላልነበረን ወንዝ ድረስ እየወረደች ጀሪካን በጀርባዋ ታወጣ ነበር። ማታ ወገቧን በትኩስ ጨርቅ የምተኩስላት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ክበቡ ተናጋሪ አድርጎ ሲመርጠኝ እምቢ አላልኩም።

ቀኑ ሲደርስ ከመምህርት ውዴ ጋር በአይሱዙ ላሊበላ ወረድን። አንድ ሆቴል አዳራሹንና ኢንተርኔቱን ለከሰዓቱ ፈቀደልን። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ፊቶቹ በትናንሽ ሳጥን ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ተሰጠ። ከኔ በፊት የተናገረው በአንድ የባሕር ደሴት የሚኖር ልጅ ነበር። እኛ ውሃ ጠፋብን ስንል እሱ ውሃ በዛብን አለ። ባላጋራዬ እሱ እንደሆነ ገባኝ።

ተራዬ ሲደርስ አፌ የተከፈተው እንደለመደው ነው። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም የልጁን በደል ተናገርኩ። ማዕበሉ የአያቱን መቃብር እንደወሰደው፣ ጉድጓዳቸው ጨው ጨው እንደሚል፣ ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ታናናሾቹን ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ፎቅ እንደሚወጣ፣ እሱ ከተናገረው ምንም ሳላስቀር። ስጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። «አዎ» እስኪለኝ ነው የምጠብቀው። ልጁ ስክሪኑ ውስጥ አፉን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፣ ማይክሮፎኑ ግን ዝግ ነው፣ ምንም አይሰማም። መምህርት ውዴ ከኋላዬ «ቀጥይ እንጂ! ምን ሆነሻል?» ትለኛለች። እኔ ግን መቀጠል አልቻልኩም። ሰብሳቢዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ትንሽ ታገሠችና ኢትዮጵያን አመስግና ወደሚቀጥለው አገር አለፈች።

የተመረጠው የደሴቱ ጉዳይ ሆነ። በአይሱዙ ወደ ብልባላ ተመለስን። እናቴ ነገሩን ስነግራት «እንኳን በሰላም መጣሽ» ብላ ጀሪካኗን አነሳች። ያን ቀን አያ ፈንታውን ጠላኋቸው። ይህን አሁንም አልክድም።

አመሻሹ ላይ ቤታቸው ገባሁና ቁጭ ሳልል «የእርስዎ ሕግ ምንጩን አስቀረብን» አልኳቸው። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጁ አዎ አለሽ?» አሉ።

«አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፁ አልተሰማም።»

«እንግዲያማ ብሏል። ያንችንስ በደል ማን ተናገረልሽ?»

«ማንም።»

«አይ አንች! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሸንጎው መች ተበተነ፤ ያንችን የመናገር ተራው የሱ ነው።»

ያኔ ይህ መልስ ሽማግሌ ሲቸግረው የሚለው ነገር መሰለኝና ደህና እደሩ ሳልል ወጣሁ። አያ ፈንታው ሁለት ክረምት ቆይተው አረፉ። ከወይራው ሥር አሁን የሚዳኘው ወጣት ነው፣ ሕጉንም አልለወጠውም፤ የሚዳኝበት ውሃ ግን እያነሰ ሄዷል።

እኔ ዛሬ ላሊበላ ውስጥ የስብሰባ አስተርጓሚ ነኝ፤ የምበላው የሌላውን በደል ስናገር ውዬ ነው። ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች ስለ ዓለም ሙቀት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ረሀብ ይነጋገራሉ። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ከልባቸውም ያዝናሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ይናገርና ይቀመጣል፤ የሌላውን የሚያነሣ አንድ ሰው እንዳለ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እስካሁን አልገጠመኝም። የደሴቱን ልጅ ስም ረስቼዋለሁ። አፉ ሲንቀሳቀስ ግን ዛሬም ይታየኛል፤ ደሴቱ እንዴት ሆኖ ይሆን እላለሁ፤ እሱስ የኛን ምንጭ ጠይቆ ያውቅ ይሆን እላለሁ። አያ ፈንታው ያሉኝ እውነት ይሁን ማጽናኛ እስካሁን አልለየሁትም።

ስብሰባው አልቆ ተጨብጭቦ ሁሉም ሲወጣ እኔ ትንሽ እቆያለሁ። የሆቴሉ ልጆች ወንበር እየሰበሰቡ «እህታችን፣ አለቀ እኮ» ይሉኛል። እናቴ ዘንድሮም ከፋሲካ በኋላ ወንዝ ትወርዳለች። «ገና ነው» እላቸዋለሁ።