የስለት ጃንጥላ

መጀመሪያ ያመመኝ እምብርቴ ዙሪያ ነው። ወልቂጤ ገበያ አጠገብ በወንድሜ በደምሴ ሱቅ ቆሜ፣ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እየጻፍኩ ነበር። ቁርጠት መሰለኝ። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። ምግብ አስጠላኝ፤ አስመለሰኝ። ጎረቤታችን "ኮሶ ተነስቶብህ ነው፣ ጠጣበት" አለኝ። ጠጣሁ። ይህን በግልጽ የምጽፈው እንደ እኔ ለሚያማችሁ ስል ነው፦ ያ መድኃኒት ሊገድለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሕመሙ ድንገት ተወኝ። ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ትኩሳት ያዘኝ። መራመድ አቃተኝ።

ደምሴ አታት ሆስፒታል እንዲያደርሰን ነስሩን ለመነው። ነስሩ የቡታጅራ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ይነዳል። የጫነውን እህል አራግፎ አሳፈረኝ። ሰኔ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ነስሩ ተሳደበ፤ ወዲያው "አስተግፊሩላህ" አለ፤ ከዚያ የመኪናውን ሸራ አውርዶ በሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አሰረው። ቃሬዛ ሆነ። ከማሳቸው የወጡ ሁለት ገበሬዎች ሳይጠየቁ ትከሻቸውን ሰጡ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዝናቡ ጀመረ።

"ዛፍ ሥር እናስጠጋው" አለ አንዱ ገበሬ። "በዚህ ትኩሳት ላይ ዝናብ ከመታው ያልቃል።"

መሸፈኛ አልነበረንም። ሸራው ከሥሬ ነው። አወረዱኝ። አትቁሙ፣ ሂዱ ልላቸው ፈለግሁ። አፌ አልታዘዘኝም።

አንዲት ባልቴት መጡ። እማማ ብርቄ ይባላሉ፤ ስማቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። የሰኔ ማርያም ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነበር። ነጠላቸው በስብሷል፤ በብብታቸው ግን በጨርቅ የተጠቀለለ ጃንጥላ ይዘዋል። ልጃቸው በሰላም ከተገላገለች ለማርያም ሊያስገቡ የተሳሉት ነው። ቀይ፣ ዘርፉ ወርቃማ።

ሳየው አፈርኩ። ባለፈው ዓመት በስለት አስገቢዎች ላይ እንዲህ ብዬ ጓደኞቼን አስቄ ነበር፦

ቤቷ ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ አይደርስባት፤
ለማርያም ጃንጥላ ምን ሊፈይድላት?

እማማ ብርቄ አዩኝ። ጨርቁን ፈቱ።

"እማማ፣ የስለት አይደለም እንዴ?" አለ ነስሩ።

"ነው።"

"ታዲያ ሳይደርስ ይከፈታል?"

"እሷ ትጠብቀኛለች። ይሄ ልጅ አይጠብቅም። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አንሱት እንጂ!"

አነሱኝ። ደምሴ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብሎ "ግጥምህን ልንገርብህ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከላዬ የተዘረጋውን ቀይ ጨርቅ ነው። ዝናቡ ይመታዋል። ጭቃው ይረገጣል። የእማማ ብርቄ ትንፋሽ ይቆራረጣል። አንዴ አዳለጣቸው፤ የጃንጥላው አንድ ሽቦ ተጣመመ። አላቆሙም። አስመለሰኝ። ዘርፉ ተበላሸ።

አታት ስንደርስ ሐኪሙ ሆዴን ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጮህኩ።

"ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል። ፔሪቶናይቲስ ነው፤ መግሉ ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቷል። አሁኑኑ ለኦፕራሲዮን አዘጋጁት።"

ሌላ አላስታውስም።

በጎኔ መግል የሚያወጣ ቱቦ ተተክሎልኝ፣ ጠዋትና ማታ ፔኒሲሊን እየተወጋሁ፣ መጀመሪያ በማንኪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ደምሴ ከቤት ይዞት የሚመጣውን የቡላ ገንፎ እየቀመስኩ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር እየተራመድኩ ክረምቱን ጨረስኩት። ስወጣ ሐኪሙ ለደምሴ "ያ ዝናብ እስከ ማታ አላባራም ነበር" አለው። "ዛፍ ሥር ብትቆዩ ኖሮ እኔ የምሠራው አይኖረኝም ነበር።"

ለኅዳር ጽዮን እማማ ብርቄን ፍለጋ ወደ ደብራቸው ሄድኩ። ጃንጥላውን በዚያው በዝናቡ ዕለት አመሻሽ ላይ አጥበው አስገብተውት ነበር። ቄሱ "ሽቦው ይቃና?" ቢሏቸው፣ "እንዲህ እንዳለ ትቀበለኝ" ብለዋል። ታቦቱ ሲወጣ ከብዙ ጃንጥላዎች መካከል አንዱ በአንድ ጎኑ ጎበጥ ብሎ አየሁት። እማማ ብርቄ አጠገቤ ሆነው እልል ይላሉ። ግጥሜን ነገርኳቸው። ሳቁና "ቤት ይመታል" አሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ነስሩንም፣ ሁለቱን ገበሬዎችም፣ ሐኪሙንም ይባርክልኝ። እናንተ ግን ቀኝ ጎናችሁን ከታች ሲያማችሁ ኮሶም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገርም አትጠጡ፤ ሕመሙ ድንገት ቢተዋችሁም አትደሰቱ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። መንገድ ላይ ቃሬዛ ያገኘ ትከሻውን ይስጥ። ጃንጥላ የያዘም ይክፈት።