ሁለት ጊዜ የተጨመረው ቀን

ይህን ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም፤ በየዓመቱ በጾም መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። የማላውቅህ አንባቢ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ። የደፈርሁትም ስለማታውቀኝ ይሆናል። ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ ልጀምር።

የበደልሁት ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ነው። መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። ቤታቸው በጣና አካባቢ፣ ዘንዘልማ በምትባል ቀበሌ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ሌላው መሪጌታ በዜማው ሲታወቅ እሳቸው የሚታወቁት በባሕረ ሐሳብ፣ በዘመን ቆጠራ ነው። መስከረም አንድ ቀን ቅዳሴ ሲያልቅ የዓመቱን ጾምና በዓል አስልተው ለሕዝቡ የሚያውጁት እሳቸው ነበሩ። ወረቀት አይዙም፤ የጣታቸውን አንጓ ይቆጥራሉ እንጂ። ቀን የጠፋበት ቄስ ሁሉ ለእሳቸው ይደውል ነበር።

እኔ ከተማ ውስጥ፣ ፔዳ በሚባል ሰፈር ባለ ኮሌጅ ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። የኔታ ስልክ ሲበዛባቸው «አንድ ቦታ ጽፌው ሰው ራሱ ቢያነበው ምናለ?» አሉኝ፤ ብሎግ ሠራሁላቸው። ሌላው እንደሚያደርገው የተዘጋጀ መጠቀም ናቅሁ። ሰርቨር ተከራይቼ ሁሉንም በራሴ እጅ ጫንሁ፤ ቴም የሚሉትን የገጹን መልክ ፈታትቼ እንደገና ሰፋሁት። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅን ቀን ብቻ ስለነበር ወደ እኛ ቀን የሚመልስ አጭር ኮድ ጻፍሁበት። በዚያች ኮድ የተኩራራሁትን ያህል በልጄ መወለድ አልተኩራራሁም።

የኔታ በገጹ አናት ላይ የእኛን ቀን ባዩ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ቀጥለው ግን፣ «ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ እንዳትረሳ። ከሱ በፊት ጳጉሜ ስድስት ስለምትሆን ከፈረንጁ ጋር ያለን ቀን እስከ የካቲት በአንድ ይዛነፋል» አሉኝ።

«ኮምፒዩተሩ ራሱ ያውቀዋል፣ የኔታ» አልሁ።

አያውቀውም ነበር። ኮምፒዩተር የሚያውቀው የነገሩትን ነው፤ እኔ አልነገርሁትም። ነገ እጨምራታለሁ እያልሁ ዓመቱ አለቀ።

ዘመነ ዮሐንስ ገባ። በመስከረም ወር አንድ አንባቢ ከጽሑፍ ሥር «ቀኑ በአንድ ወደ ፊት ሄዷል» ብሎ አስተያየት ጻፈ። የሰዓት ነገር መሰለኝ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የገጹን ሰዓት ከለንደን ወደ አዲስ አበባ አዞርሁ፣ ሰርቨሩ ያጠራቀመውን አሮጌ ገጽ አጸዳሁ፣ ከዚያም መስተካከሉን ሳላይ «ተስተካክሏል» ብዬ መለስሁለት። መምህር ነኝ እኮ፤ ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ እሰጠው ነበር።

በታኅሣሥ ደግሞ የማስታወቂያ ሳጥን ጨመርሁ፤ የጀልባ ጉዞ፣ ተዝካር፣ የመሳሰለው እንዲወጣበት። ሳጥኑ የሚቀበለው የፈረንጅ ቀን ነው። የኔታ የእኛን ቀን በጭንቅላታቸው ገልብጠው በፈረንጅ ይሞሉታል፣ የእኔ ኮድ መልሶ በእኛ ለአንባቢ ያሳያል። እሳቸው አልተሳሳቱም። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ይህን ያዝልኝ፣ ሌላውን ብትረሳ።

እትዬ ዘመናይ የሚባሉ የዘንዘልማ ሴት በዚያ ኅዳር ዐርፈው ነበር። ያለቻቸው አንዲት ልጅ፣ ትርንጎ፣ በደቡብ፣ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ለቀብር አልደረሰችም። አርባቸው ከገና ጾም ውስጥ ስለዋለ ተዝካሩ ወደ ጥር ተገፋና ጀልባ በሚገኝበት ቀን፣ ሴት በምትገባበት አንድ የጣና ደሴት ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተባለ። ትርንጎ ቀኑን ስትጠይቅ ዘመዶቿ «የኔታ ገጹ ላይ ይጽፉልሻል» አሏት። የኔታ ጥር ስምንትን በፈረንጅ ጃንዋሪ ዐሥራ ሰባት ብለው ሞሉ። ልክ ነው። ገጹ ለትርንጎ «ጥር ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አላት። እዚህ ያለው ሰው በአፍ ተነጋግሮ ስለነበር ሳጥኑን ያመነችው እሷ ብቻ ነበረች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጣች፤ ስልኳ መንገድ ላይ ጠፍቶባታል። አልጋ ይዛ አድራ ጎሕ ሲቀድ ጀልባው መነሻ ቆመች። ባለጀልባው «ትናንት እኮ ነው የሄዱት፣ እኅቴ» አላት።

የኔታ የደወሉልኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። «ትርንጎ እዚህ ናት። ገጹ ዘጠኝ ይላል ትላለች። እኔ የማውቀው ስምንትን ነው። እስኪ ማሽንህን ይዘህ ና» አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር።

ላፕቶፑን እዚያው ቢሮዬ ከፈትሁ። ጥፋቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የረሳኋት የዮሐንስ ቀን ናት። አንድ መስመር ጨመርሁ፤ ኮዱ ተስተካከለ፤ ገጹ ላይ ያለው ዘጠኝ ወዲያው ስምንት ሆነ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር። ስህተት ኃጢአት አይደለም። ግን ያንን ስምንት እያየሁ ምን ታየኝ መሰለህ? የትርንጎ ዕንባ አልታየኝም። ያንኑ ቴም እንድሠራላቸው የተስማሙ ሦስት አድባራት ታዩኝ፣ «ራሱ ያውቀዋል» ያልሁባት ቀን ታየችኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ «የእሱ ማሽን ነው ከእናቷ ተዝካር ያስቀራት» ሲል ታየኝ።

ሲስተሙ ማን ምን እንደቀየረ ይመዘግባል። ስለዚህ በራሴ ስም ወጥቼ በየኔታ ስም ገባሁ። የይለፍ ቃላቸውን ያወጣሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ እንዳይረሱት ብዬ። ሳጥኑን ከፈትሁ። ጃንዋሪ ዐሥራ ሰባት የሚለውን አጥፍቼ ዐሥራ ስምንት ጻፍሁ። የመስከረሙን አንባቢ አስተያየት ሰረዝሁ። ገጹ እንደገና ጥር ዘጠኝ አለ፤ አሁን ግን የተሳሳተው እኔ መሆኔ ቀርቶ እሳቸው ሆኑ። እኔ ነኝ የቀየርሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ሰይጣን የይለፍ ቃሉን አያውቀውም።

ዘንዘልማ እስክደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፌው ነበር። ትርንጎ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ሻንጣዋ ጭኗ ላይ ነው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው እየጠበቁኝ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ አንዴ፣ ደግመው፣ በጣታቸው እየነኩ። ከዚያ አንጓቸውን መቁጠር ጀመሩ። ጸሎቴ ምን እንደነበር ልንገርህ? «ይሳሳቱ» ነበር። የመምህሬ ጣት እንዲሳሳት ጸለይሁ።

«ይኼ እኔ የጻፍሁት ነው?» አሉ ቀና ብለው።

«በእርስዎ ስም ነው የገባው፣ የኔታ» አልሁ። ቃሉ ውሸት የለበትም፤ ለዚያ ነው መርጬ የተናገርሁት።

«ለዮሐንስ አንድ ቀን ይጨመራል። ጨምሬዋለሁ። ረስቼው ደግሞ ጨምሬዋለሁ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጨመርሁት» አሉ፤ ለማናችንም ሳይሆን ለራሳቸው። ተነሡ። እኒያ ሰው ስብሰባ ሙሉ ቄስ የሚነሣላቸው ናቸው። ትርንጎ ፊት ሄደው ጉልበቷን ሊይዙ ጎነበሱ። «ከእናትሽ ተዝካር አስቀረሁሽ፤ ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ።

«ኧረ የኔታ! በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ይነሡ!» አለችና አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። እሳቸውም አለቀሱ።

እኔስ? አሁንም መናገር እችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ያልሁትን ግን ስማ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ትከሻቸውን ዳበስ አድርጌ «በዕድሜ ያጋጥማል፣ የኔታ፤ አይዘኑ» አልኋቸው። አጽናናኋቸው! ቀኑን የቀየርሁት በፍርሃት ነው፤ ይህን ለማለት ግን ማን አስፈራራኝ?

አመኑኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገጹ ላይ አንዲት መስመር አልጻፉም። በቀጣዩ መስከረም አንድ ሕዝቡ ሲጠብቃቸው፣ ለአለቃው «ለሌላ ስጡት፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሕዝብ ጾም አላሳስትም» ብለው ኋላ ቆሙ። እኔ እዚያ ነበርሁ። ሌላው ሰው ከወረቀት እያነበበ ሲያውጅ የኔታ አንጓቸውን ሲቆጥሩ አየሁ፤ እሱ ሳይጨርስ ጨረሱ፣ እጃቸውንም ኩታቸው ውስጥ ከተቱት። ትርንጎ በየዓመቱ በጥር ትደውልላቸዋለች፤ ይቅር ብላቸዋለች። ላልበደሉት። ሦስቱ አድባራት ቴሙን ወሰዱ፤ ዛሬም በእሱ ይሠራሉ፣ ቀኑን በትክክል ያሳያል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ዮሐንስ ሌላ ዙር መጥቶ ሄዷል፤ የእኔ እውነት ግን ካላወጣኋት በራሷ አትጠራም። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ በራሴ ስም ዐሥራ ስምንቱን ወደ ዐሥራ ሰባት መለስሁ። ገጹ ጥር ስምንት አለ። ያየው ሰው የለም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም። ለአንተ መናገሬም ለእሳቸው መናገር አይደለም፤ አውቃለሁ፤ ይህንም ቢሆን ከእሳቸው ተደብቄ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዐይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ዛሬ ስንት ቀን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። «ዐሥራ አራት መሰለኝ። ግን እኔን አትመን፤ ስልክህን እይልኝ።»

ዐሥራ አራት ነበር። ሳላይም አውቀዋለሁ። ስልኬን አውጥቼ እንደሚያይ ሰው ጥቂት ቆየሁ።

«ዐሥራ አራት ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«ተባረክ» አሉኝ።

አሜን አልሁ።