የጥድፊያ ቦታ

ልብስ ሰፊዋን የሞተር ክበቡ ሴቶች «ጭራ» ይሏታል። ስድብ አይደለም፤ ሹመት ነው። ጭራ ማለት ከሁሉም ኋላ የምትነዳ፣ ሞተር የተበላሸባትን የምትረዳ፣ ማንንም ጥላ የማትሄድ ናት። በሰልፉ መሃል ክፍተት ካየች ደግሞ ጥሩምባ እየነፋች «ዝጉት! ዝጉት!» ትላለች። ሾፌር ክፍተት ካየ ለእናቱም አይመለስ።

ከፊቷ የምትነዳው ፀጉር ሠሪዋ ታናሽ እህቷ ነበረች። የደንበኛ ፀጉር ሳይደርቅ «ጨርሻለሁ» ስለምትል «ጥድፊያ» አሏት። ጎረቤት ሁለቱን በሞተር ባየ ቁጥር «እነዚህ እንዴት ባል ያገኛሉ?» ይላል። ጥድፊያም «የፈለገን ይድረስብና!» ብላ ትስቃለች።

ጭራ ስንት ዓመት ሙሉ ያየችው መንገዱን ሳይሆን የእህቷን ጀርባ ነው። ጃኬቱን የሰፋችላት ራሷ ናት። የግራ ትከሻው ስፌት ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ፈትቼ ላስተካክለው ብትላት ጥድፊያ መች ቆማ ልትሰጣት።

ጥድፊያን የገደላት መንገድ አይደለም፤ ኩላሊቷ ነው የከዳት። በዚህም ቸኮለች፤ ታላቅ እያለች ታናሽ ቀደመች።

በቀብሯ ቀን ሴቶቹ አስከሬኗን ከጫነው መኪና ኋላ ተሰለፉ። የክበባቸው ወግ ነው፤ የሞተችው አባል በሰልፉ ውስጥ የምትነዳበት ቦታ እስከ መቃብሩ ክፍት ሆኖ ይሄዳል። መሪያቸው ነርሷ ጭራን እቅፍ አድርጋ፣ «ዛሬ እንኳ አትንጂ እህቴ፣ ከኔ ኋላ ተቀመጪ» አለቻት።

«አይሆንም። እኔው ከኋላዋ ሆኜ እሸኛታለሁ» አለች ጭራ። ለእህቷ የምታደርግላት ነገር የቀራት ይኸው ብቻ ነበር፤ ቦታዋን ሳታስነካ ማድረስ።

ልማድ ግን ክፉ ነው። ገና ከሰፈር ሳይወጡ ከፊቷ ክፍተት አየች፤ እጇም ሳያማክራት ነዳጅ ሰጠ። ስትባንን እህቷ ቦታ ላይ ናት። ነርሷ በመስታወት አይታ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች። ጭራ የሰው አልጋ ላይ ተኝታ የተገኘች ያህል ተሸማቀቀች። ወደ ኋላ ቀረችና ሄልሜቷ ውስጥ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ገበያው ጋ ሲደርሱ አንድ የታክሲ ሾፌር ክፍተቱን አየና ሰተት ብሎ ገባ። ጥሩምባ ብትነፋበት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መብራት ሲይዛቸው መስኮቱ ጋ ደርሳ የሄልሜቷን መከለያ ገለጠች።

«ውጣልኝ ወንድሜ።»

«ምን አጠፋሁ? ባዶ አይደል እንዴ!»

«ባዶ አይደለም» አለች። «ሰው አለበት።»

ሾፌሩ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ከፊት የቆመውን የአስከሬን መኪና አየ። መብራቱ ሲለቃቸው ዳር ያዘና አሳለፋቸው።

ጭራም ያ የጠመመ ስፌት ይታይበት ከነበረው ቦታ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል እስከ መቃብሩ ነዳች።