ለእኔ ሲሉ ይማሯት

ያቺን ልጅ ሳስብ ከአጎቷ ይልቅ የምናደደው በራሴ ነው። እሱ ያደረገውን አደረገ። እጇን ይዤ ሦስት ጊዜ ወደ ቤቱ የመለስኳት ግን እኔ ነኝ።

በደርግ ዘመን ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ሄጄ አዋቂዎችን ሀ ሁ አስቆጥራለሁ። የተከራየኋት ክፍል ከአንድ የተከበረ ነጋዴ ግቢ ጋር በአጥር ትዋሰናለች። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን አንቱታዬን አንስቻለሁ። እናትና አባቷ በሕፃንነቷ የሞቱባትን የወንድሙን ልጅ ያሳድጋል። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም።

በአገራችን ደንብ ልጅ አጥፍቶ ሲሸሽ ጎረቤት ቤት ይገባል። ጎረቤትም እጁን ይዞ ይመልሰዋል፤ «ለእኔ ሲሉ ይማሩት» ይላል፤ ልጁ እግር ይስማል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እኔም ሞጣ ሳድግ ስንቴ እንዲህ ተማልዶልኛል። እናም ልጅቱ አንድ ቀን እየሮጠች መጥታ ከቤቴ በር ኋላ ስትደበቅ፣ አጥፍታለች ብዬ ደመደምኩ። ክንዷ ላይ የአለንጋ ሰንበር ነበር። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል አልኩ። ወደ አጎቷ ወሰድኳት፤ አንገቷን በእጄ ዝቅ አድርጌ እግሩን አሳምኳት። «ላንቺ ስል ትቼዋለሁ፣ ልጄ» አለኝ በፈገግታ። ሁለተኛም እንዲሁ። በሦስተኛው እጇን ከእጄ ልታስለቅቅ ስትታገል እልኸኛ መሰለችኝ።

ከዚያ በኋላ መምጣቷን ተወች። ሰላም ወረደ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያልኩ ጅል ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ልብሴን አጥሩ ላይ ሳሰጣ፣ ልጅቱ ጀርባዋን ሰጥታ ጌሾ ስትቀነጥስ አየኋት። አጎቷ ከኋላዋ ቆሞ ጠራት። አልዞረችም። ደግሞ ጠራት። ከዚያ አለንጋውን ከግድግዳው አወረደ።

«ጋሼ፣ አትሰማም እኮ» አልኩት።

«ትሰማለች። አውቃ ነው» አለኝ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ። «ይኼን እልኳን ዛሬ ካላወጣሁላት ነገ ማን ያገባታል?»

ሲጠሯት ባለመስማቷ ነበር የምትገረፈው። ጥፋቷ ይኼው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይቅርታ አስጠይቄያታለሁ።

በሩጫ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ እስክጨርስ ሰማኝና፣ «ጓድ አስተማሪ፣ ልጁን የቀጣ ሁሉ ቢከሰስ እኔም መታሰሬ ነው» አለኝ። «ለመሆኑ ልጅቱ ተበደልኩ ብላለች?»

«መናገር አትችልም።»

«እንግዲያ ከሳሽ የለም። ሽማግሌ ይዘሽ ግቢና አስታርቂያቸው።»

ጠዋት ማታ ስለ ጭቁኖች የሚደሰኩር ሰው ነበር። ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

የእናቷ እህት ሞጣ እንደምትኖር ከጎረቤት ሰምቼ መልእክት ሰደድኩ። «አምጪልኝ» የሚል መልስ መጣ። የቀረኝ ያው የማውቀው ምልጃ ስለነበር ወደ አጎቷ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ለእኔ ሲሉ ምረዋታል። አሁን ደግሞ ለእኔ ሲሉ ይስጡኝ። አክስቷ ትፈልጋታለች።»

«ውሰጂያት» አለ። «ግን ምን ልትሠራላት ነው? ጆሮዋ አይሰማ።»

አለንጋው ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያን ቀን የዋጥኩት ስድብ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ። አፌን ብከፍት ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ፈራሁ፤ እጅ ነስቼ ይዣት ወጣሁ።

በአውቶቡስ ጉንደ ወይንን አልፈን ሞጣ እስክንደርስ ልጅቱ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ወዴት እንደምወስዳት የምነግርበት ምልክት አልነበረኝም። አክስቷ እጇን ዘርግታ በሯ ላይ ጠበቀችን። ልጅቱ እሷን አየች፤ እጇን የያዘውን እጄን አየች። ከዚያ እኔ ሳልነካት አንገቷን ዝቅ አደረገችና አይታት የማታውቃትን ሴት እግር ሳመች።

አክስቷ ግራ ገብቷት፣ «ምን አጥፍታ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብዬ ላነሳት ጎንበስ ስል፣ ልጅቱ ወደ ሁለተኛው እግር ዞረች።