በንፍሮ ያለቀ ሙከራ

በዚያ የሰኔ እሁድ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው የአጎቴ ቤት የነበርነው አምስት ነን፦ አጎቴ፣ ባለቤቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤትና እኔ። ድመቷን አልቆጠርኳትም፤ ባቄላ አትበላም።

ያኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ተማሪዎች የሚያስገለብጡትን ወረቀት ማሽኑ እስኪጨርስ አነባለሁ፤ የተማርኩት እንዲያ ነው። አንድ ቀን ዘር ሳይዘራ በፊት ጥቂት ሳሊሲሊክ አሲድ ባለበት ውሃ ቢነከር ድርቀትን ችሎ እንደሚበቅል የሚያስረዳ ጽሑፍ ደረሰኝ። አሥራ አንደኛው ገጽ ጎድሎ ነበር።

የዚያ ዓመት ዝናብ አንድ ቀን ጥሎ ጠፋ፤ የአጎቴም ባቄላ አፈር ውስጥ ቀረ። የተረፈው ዘር አንድ ቁና ብቻ ነበር። እሱ ከከሸፈ ለዓመቱ ባቄላ የለም።

«መቶ ፍሬ ውሰድና አሳየኝ» አለኝ አጎቴ። «ካላሳየኸኝ ቁናዬን አትነካም።»

ጎንደር አራዳ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ የቆዳ ቅባት ከምትቀምምበት ዱቄት ቆንጥራ እያወጣች «ጭርቱ የት ላይ ነው?» አለችኝ።

«ባቄላ ላይ።»

ወርቅ ሠሪ ዘንድ አንድ ግራም አስመዘንኩ። በቀዝቃዛ ውሃ አልሟማ ስላለኝ መጀመሪያ በፈላ ውሃ በጥብጬ አሥር ሊትር ጀሪካን ሞላሁ። ሃምሳ ፍሬ በዚህ፣ ሃምሳ በንጹህ ውሃ፣ ስምንት ስምንት ሰዓት ነከርኩ። ከዚያ እዚያው አጎቴ ቤት አሲድ የጠጣውን በነጭ፣ ሌላውን በባለ መስመር ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድርቀቱን እንዲተካልኝ ጨው ጣል ባደረግኩበት ውሃ አረጠብኳቸው። ሦስት ቀን ሳይሞላ ማንም እንዳይፈታቸው ለአጎቴ ነገርኩት። እኔም አላየሁም፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ባለቤቱ ግን ዘመድ ጥየቃ ሄዳ የተመለሰችው ቅዳሜ ማታ ነበር። ለእሷ የነገራት የለም። በዚያ አገር ደግሞ ተነክሮ በጨርቅ የተጠቀለለ ባቄላ በቆልት ነው፤ ይቀቀላል፣ በጾም ይበላል። ጊዜው የሰኔ ጾም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ንፍሮ ቀረበልን። በላን።

«ሸጋ ንፍሮ ነው» አሉ አያ።

«ይገርማል፤ ጨው ሳልጨምርበት ጨው ጨው ይላል» አለች የአጎቴ ባለቤት።

ማኘክ አቆምኩ። ሁለቱ ጨርቆች ታጥበው አጥር ላይ ተሰጥተዋል።

«እትዬ፣ ይሄ የየትኛው ጨርቅ ነው?»

«የሁለቱም ነዋ! ሁለት ድስት ልጣድልህ ኖሯል?»

«መድኃኒት ነበረበት እንዴ?» አሉ አያ።

«ትንሽ። ለጭርት የሚሆነው።»

«እንግዲያ ሆዴ ውስጥ ጭርት ካለ ዛሬ ድኗል» ብለው ሌላ እፍኝ ዘገኑ።

ልጅቱ እየሳቀች «እኔ ጭራ ጭራ ያላቸውን እየመረጥኩ ነው የበላሁት» አለች። አያ የእሳቸው በሙሉ ጎንቁሎ እንደነበር ማሉ። የአጎቴ ባለቤት «ግማሹ ነው» አለች። አጎቴ ተነሥቶ ቁናውን አወረደ።

«ግማሹን ንከርልኝ። ግማሹ እንዳለ ይዘራ» አለኝ። «የበላነውስ ምን አደረገን?»

ሰኞ ዘራን። ማክሰኞ ዝናቡ መጣና ሳምንት ሙሉ አላባራም። የተነከረውም ያልተነከረውም እኩል በቀለ፤ ድንበራቸውን ራሴ እንኳ መለየት አቃተኝ። አጎቴ እሸት በላ፣ ጎተራውም ሞላ። ያዘንኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ድርቀት በሌለበት አሲዱ ምን እንደሠራ በምን አውቃለሁ? የቀረው ማስረጃ ያ ንፍሮ ነው።

ደብተሬ ላይ የሁለቱ ጨርቆች ዓምዶች እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። እትዬ፣ ስትቀላቅያቸው ጭራው የበዛው በነጩ ጨርቅ ነበር ወይስ በባለ መስመሩ? ልጅቱ፣ መርጠሽ የበላሽው ስንት ነበር? አያ፣ «በሙሉ» ሲሉ ስንት ፍሬ ነው? እኔ አሥራ አንድ በልቻለሁ፤ አንዱንም አላየሁትም።