አባ ጨጓሬ የምትለየው እህቴ

በቤታችን ባዮሎጂ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ደባርቅ ላይ አስተምራለሁ። ታናሽ እህቴ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ዳባት አጠገብ ከአባታችን ጋር ትኖራለች። ጎረቤቱ ግን ባቄላው ላይ አባ ጨጓሬ ባየ ቁጥር የሚጠራው እሷን ነው። "ይሄ ይነድፋል?" ይሏታል፤ ጎንበስ ብላ አይታ ትነግራቸዋለች። እኔ አጠገባቸው ብቆምም ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ መስከረም ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለሁ፣ ቄስ የሆኑት አባታችን አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢያቸውን ሲደርቡ አንገታቸውን አቃጠላቸው። እህቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

"ምንም አይደለም አባባ፣ ይቀመጡ" ብዬ በፎጣ አሸት አሸት አደረግኩላቸው። ወዲያው አንገታቸው ቀልቶ ሽፍ አለ፤ ማቃጠሉም ባሰባቸው።

እህቴ ስትደርስ ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች። "ተይ፣ አትሺያቸው! የአባ ጨጓሬው ፀጉር ቆዳቸው ውስጥ እየገባ ነው።" ፀጉሩ ተጣብቆ እንዲነቀል አንገታቸው ላይ ፕላስተር እየለጠፈች ደጋግማ ላጠችው፤ ከዚያ በሳሙና አጠበችላቸው። ትሉንም ከጋቢው ላይ በእንጨት አንስታ አሳየችኝ።

"ጀርባው ላይ እንደ ቡርሽ የቆመ ፀጉር ካየሽ ሽሺው። ለስላሳውንም ቢሆን ካላወቅሽው በባዶ እጅሽ አትንኪ።"

አባባ ሲሻላቸው እጃቸውን እሷ ራስ ላይ ጭነው መረቋት። እኔ ከኮሌጅ ስመረቅ እንኳ እንዲህ አላሉኝም ብዬ አሰብኩ።

ደባርቅ ተመልሼ የነገረችኝን ሁሉ ክፍል ውስጥ አስተማርኩ። ከማን እንደሰማሁት አልተናገርኩም። መምህራኑ ሰምተው አደነቁኝ። በጥምቀት ሰሞን እህቴ ለገበያ መጥታ አብረን ስንሄድ አንዲት ባልደረባዬ አስቆመችን።

"እህትሽ ስለ አባ ጨጓሬ የማታውቀው የለም" አለቻት፤ "አንቺም ብትማሪ ጥሩ ነው።"

ጆሮዬ ጋለ። እህቴ አየችኝና ፈገግ አለች። "እሷማ ድሮም ጎበዝ ናት።"

ባጃጅ ውስጥ ገባን። ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን እውነቱን አልነገርሻትም?" አልኳት።

"ምን ልበል ታዲያ? ተማሪዎችሽ አወቁት አይደል?"

ሰኞ ክፍል ገብቼ ከማን እንደተማርኩት ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ያን የመሰለ ቀና ልብ ለእሷ ሰጥቶ እኔን ለምን እንደነፈገኝ ፈጣሪን እስካሁን እጠይቃለሁ።