አረፋ ያነሰው ሻምፖ

ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ፀጉር ቤት አላት። ሻምፖውንም ራሷ ናት የምታዘጋጀው። ከባሕር ዳር በጀሪካን የምታስመጣው ማጠቢያ ፈሳሽ ቆዳ የማያሳክክ፣ ዓይን የማያቃጥል ለስላሳ ነገር ነው። ችግሩ አረፋው ማነሱ ነው። የኛ አገር ሰው ደግሞ አረፋ ካላየ ታጠብሁ አይልም! በዚያ ላይ ሴቱ ሁሉ ቅቤ የጠገበ ፀጉሩን ይዞ እየመጣ፣ «ይኼ ውሃ ነው እንዴ?» ሲላት ከረመ።

አንድ ሰሞን መረራትና የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጣ ጨመረችበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው። አረፋው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ደንበኞቿም መረቋት። እሷም ደስ ብሏት ቀጠለችበት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከደብረ ታቦር ወጣ ካለችው ከገሳይ ከተማ የሚመጡት ደንበኛዋ እትየ ሸጊቱ አንድ ጠርሙስ ሻምፖ ገዝተው ሄዱ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሹሩባ እየተሠራች የነበረችው ገነት፣ «ለልጅ ልጃቸው እኮ ነው የገዙት። ነገ ክርስትናዋ ነው፤ ዛሬ ሊያጥቧት ነው» አለች።

ፈንታነሽ ማበጠሪያዋን ጥላ ስልኳን አነሣች። የጨቅላ ዓይን! ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ሹሩባውን በግማሽ ትታ ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ አልነቃነቅ አለ። መንገድ ላይም አንዱ በግ ያወርዳል፣ አንዱ ጆንያ ይጭናል። እሷ በልቧ ማርያምን ትለማመናለች። አንዴ ልጅቱ ስትጮህ፣ አንዴ ዓይኗ ጠፍቶ ይታያታል። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው፣ አለች።

ገሳይ ወርዳ፣ ቤቱን ጠይቃ ስትደርስ፣ እትየ ሸጊቱ ልጅቱን ጭናቸው ላይ አጋድመዋታል። ሳፋው አረፋ በአረፋ ሆኗል።

«እትየ፣ እንዳያጥቧት!» ብላ ሳፋውን ሳበችው።

«ምን ሆነሻል? አንቺው የሸጥሽልኝ አይደል?»

«እሱማ ነው... ግን ለሕፃን... ዱቄት ሳሙና አለበት» አለች።

እትየ ሸጊቱ ልጅቱን ለእናቷ አቀበሉና ሳፋውን መልሰው ወደ ፈንታነሽ ገፉት። «በይ ፊትሽን ታጠቢበት። ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ።»

ታጠበች። ዓይኗ ሚጥሚጣ እንደገባበት ነደደ፤ እንባዋ ከአረፋው ጋር ወረደ። አሮጊቷ ንጹሕ ውሃ በእጇ ላይ እያፈሰሱላት ቆዩ።

«ለሷ እንዲህ ደንግጠሻል፤ እኛንስ በዚሁ ነው ስታጥቢን የከረምሽው?» አሏት።